ለአሮጌው ፒክ አፕ አዲስ አንደበት
በድሮ የጭነት መኪና ላይ ራዲዮና የበር ስፒከር ስለ መትከል

አሮጌ መኪና እንደ ሽማግሌ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ጉልበቱ ቢደክምም ክብሩ አይቀንስም፤ ቀስ ብሎ ቢሄድም የሚያየው ሁሉ ዘወር ብሎ ይመለከተዋል። ይልቁንም ፒክ አፕ የተባለው አነስተኛ የጭነት መኪና በጉብዝናው ዘመን እህልና ሲሚንቶ፣ በግና ማገዶ ሲያመላልስ የኖረ እንጂ ጌታውን በዜማ ለማስደሰት የተፈጠረ አልነበረም። ዛሬ ግን ከአባቱ የወረሰው ወይም በርካሽ ያገኘው ሰው ዝገቱን አስፍቆ፣ ቀለሙን አሳድሶ፣ ወንበሩን አልብሶ ካበቃ በኋላ «እንግዲህ የቀረኝ ራዲዮ ብቻ ነው» ይላል። እኛም ልንነጋገር ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ቀረው ነገር ነው።

አንባቢ ሆይ! ምናልባት «እኔ ብስክሌት እንኳ የሌለኝ ተማሪ ነኝ» ወይም «ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለምሳ ብቻ የሚበቃ ጸሐፊ ነኝ፤ ይህ ነገር ምን ይረባኛል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማሩት የኤሌክትሪክ ሕግ በእጅ የሚዳሰሰው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው። ደግሞም ዛሬ መኪና የሌለው ሰው ነገ የአጎቱን አሮጌ ፒክ አፕ ሊረከብ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንናገር። ይህ ቀላል የሚመስለው ሥራ ሁለት ነገሮችን ሊያጠፋ ይችላል፤ አንደኛው በገበያ ተፈልጎ በቀላሉ የማይገኘው የመኪናው አካል ነው፤ ሁለተኛውም በመኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። ሁለቱንም የሚጠብቋቸው ዋጋቸው እጅግ ያነሰ ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ ይኸውም አንዲት ፊውዝና አንዲት የጎማ ቀለበት። እንዴት እንደ ሆነ ቀጥለን እናያለን።

ራዲዮ ወደ መኪና እንዴት ገባ?

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1930 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ፖል ጋልቪንና ወንድሙ ጆሴፍ ያቋቋሙት አንድ ትንሽ ፋብሪካ ለመኪና የሚሆን ራዲዮ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ስሙንም ከሞተር ጋር አያይዘው «ሞቶሮላ» አሉት። ዋጋው ከ110 እስከ 130 ዶላር ነበር፤ ርካሹ የፎርድ መኪና 500 ዶላር በማይሞላበት በዚያ ዘመን ይህ ለብዙ ሰው የማይደፈር ገንዘብ ነበር። በጀርመን አገርም ብላውፑንክት የተባለው ኩባንያ በ1932 ዓ.ም. የራሱን የመኪና ራዲዮ አወጣ።

የዚያ ዘመን ራዲዮ በመስታወት ቫልቭ የሚሠራ ስለ ሆነ ከመቶ ቮልት በላይ ኃይል ይፈልግ ነበር። የመኪናው ባትሪ ግን የሚሰጠው 6 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ በራዲዮው ውስጥ እንደ ንብ የሚያንዘረዝር አንድ ትንሽ መሣሪያ ይቀመጥ ነበር፤ እርሱም የባትሪውን ኃይል ቶሎ ቶሎ እየቆረጠና እየቀጠለ ወደ ትራንስፎርመር ይልካል፤ ትራንስፎርመሩም ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል። በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በ1955 ዓ.ም. ክራይስለርና ፊልኮ የተባሉት ኩባንያዎች ቫልቭ የሌለበትን፣ በትራንዚስተር ብቻ የሚሠራውን የመኪና ራዲዮ አስታወቁ።

ለምሳሌያችን የምንወስደው የሼቭሮሌን ፒክ አፕ፣ 3100 የተባለውን ነው። ይህ መኪና ከ1947 እስከ 1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የተሠራ ሲሆን፣ ከሼቭሮሌ የጭነት መኪናዎች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ፋብሪካው ራዲዮ ያዘጋጀለት ነው። ይሁን እንጂ ራዲዮው ለብቻው ተከፍሎበት የሚገባ እንጂ ከመኪናው ጋር የሚሰጥ አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎቹ ያለ ራዲዮ ተሸጡ። ስፒከርም ቢኖር አንድ ብቻ ሆኖ በክሩስኮቱ መካከል ይቀመጥ ነበር እንጂ በበሮቹ ላይ ምንም አልነበረም።

መኪናውን ሳያውቁ ራዲዮ አይግዙ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ራዲዮውን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን ይጠይቃል። ይህ ጫማ ገዝቶ እግርን እንደ መለካት ነው። አስቀድመው ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሱ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «መኪናዬ ስንት ቮልት ነው?» የሚለው ነው። ከላይ የጠቀስነው ሼቭሮሌ 6 ቮልት ነው፤ ሼቭሮሌ ፒክ አፖቹን ወደ 12 ቮልት ያሻገራቸው በ1955 ዓ.ም. አዲሱን ዓይነት ሲያወጣ ነው። ፎርድም በ1956 ዓ.ም. ተከተለ። የዛሬ ራዲዮ ሁሉ የሚፈልገው 12 ቮልት ስለ ሆነ፣ ባለ 6 ቮልት መኪና ያለው ሰው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው 6ን ወደ 12 የሚያሳድግ ትንሽ መሣሪያ ለራዲዮው ብቻ መግጠም ነው። ሁለተኛው ዲናሞውን፣ አምፑሎቹን፣ ቦቢናውንና ሌላውንም ለውጦ መኪናውን በሙሉ ወደ 12 ቮልት ማዛወር ነው፤ ይህ ግን ብዙ ወጪና ብዙ ሥራ አለበት። ሦስተኛው የጥንቱን ባለ ቫልቭ ራዲዮ ፈልጎ ማሳደስ ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ ለሚመርጥ ሰው አንድ ስሌት እንስጠው። ራዲዮው በ12 ቮልት 5 አምፔር ቢወስድ፣ 12 ሲባዛ በ5፣ 60 ዋት ይሆናል። ያንኑ 60 ዋት ከ6 ቮልት ባትሪ ለማግኘት ግን 10 አምፔር ያስፈልጋል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የአንድ ሽቦ ሙቀት በአምፔሩ ካሬ መጠን የሚጨምር ስለ ሆነ፣ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከባትሪው እስከዚያ መሣሪያ ድረስ የሚሄደው ሽቦ ወፍራም መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የባትሪ ጫፍ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። መካኒኮቻችን «ማሳ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በሼቭሮሌው ላይ ከአካሉ ጋር የታሰረው ኔጋቲቭ፣ ማለት የመቀነስ ምልክት ያለበት ጫፍ ነው፤ የዛሬ ራዲዮም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እስከ 1955 ዓ.ም. በተሠሩት የፎርድ ፒክ አፖች፣ እንዲሁም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩት ላንድ ሮቨሮች ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከአካሉ ጋር የታሰረው ፖዘቲቭ ነው። የአዲሱ ራዲዮ የብረት ሽፋን ራሱ ኔጋቲቭ ነውና፣ እንዲህ ባለ መኪና ላይ ዝም ብሎ በብሎን ቢታሰር ራዲዮው በአንድ አፍታ ይቃጠላል። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍተው በባትሪው ላይ ያለውን ምልክት በዓይንዎ ሳያዩ ምንም አይጀምሩ።

ከዚህ ሌላ የራዲዮው ዓይነትም ይታሰብበት። የጥንቱ ራዲዮ የሚቀበለው መካከለኛ ሞገድ ብቻ ስለ ሆነ፣ የዛሬውን የኤፍ ኤም ጣቢያ በእርሱ መስማት አይቻልም። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ራዲዮም የራሱ ችግር አለው። የጃፓን የኤፍ ኤም ሞገድ ለብዙ ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ስለ ነበር፣ ለዚያ አገር የተሠራው ራዲዮ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ወይም ሸገር 102.1ን ሊይዝ አይችልም። በርካሽ አገኘሁ ብለው ደስ ሲላቸው ቤት ገብተው ዝምታ ብቻ የሚሰሙ ሰዎች ምክንያቱ ይህ ነው።

የክሩስኮቱን ላሜራ ለመቁረጥም አይቸኩሉ። የጥንቱን መልክ የያዙ፣ በሁለት ቁልፎቻቸው በነበረው ቀዳዳ ልክ የሚገቡ አዳዲስ ራዲዮዎች ይሠራሉ። የአሮጌውን ራዲዮ ፊት እንዳለ ትተው ሆዱን ብቻ በአዲስ የሚለውጡ ባለሙያዎችም አሉ። ለአንድ ጊዜ የተቆረጠ ላሜራ ግን ተመልሶ እንደ ነበረ አይሆንም።

ከወንበሩ ኋላ ያለው ጎረቤት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በሼቭሮሌው ፒክ አፕ ላይ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ፣ ማለት ሰልባትዮው፣ የተቀመጠው ከውጭ ሳይሆን በውስጥ፣ ከነጂው ወንበር ኋላ ቆሞ ነው። ስለዚህ ራዲዮ የሚተክለው ሰው የሚሠራው በቤንዚን አጠገብ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም። ስፒከር ከወንበሩ ኋላ ልትከል ብሎ በትራፓኖ የሚበሳ ሰው፣ ወይም በዚያ በኩል ረጅም ብሎን የሚያስገባ ሰው በሕይወቱ መቀለዱ ነው።

የጥንቱ መኪና ሽቦም የተሸፈነው በላስቲክና በጥጥ ክር ነበር። ይህ ሽፋን ከ70 ዓመት በኋላ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። ጥቂት መብራትና አንድ ጡሩምባ ለመሸከም የተዘረጋውን ይህን ሽማግሌ ሽቦ ራዲዮም ጨምረህ ተሸከም ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ የራዲዮውን ኃይል ከአሮጌው ሽቦ ላይ ቆርጠው አይቀጥሉ። አዲስ ሽቦ ከባትሪው ተነሥቶ ለብቻው ይዘርጋ፤ በዚያም ሽቦ ላይ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ አንድ ፊውዝ ይግባ።

ፊውዙ ለምን በባትሪው አጠገብ ሆነ? ብዙ ሰው ፊውዝ ራዲዮውን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ድረስ ያለው ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ እስኪግል፣ ሽፋኑም እስኪነድ ድረስ የባትሪው ኃይል በሙሉ ይፈስበታል። ከፊውዙ ወዲያ ያለው ሽቦ ቢነካ ግን ፊውዙ ይቃጠልና ነገሩ ያበቃል። እንግዲህ ፊውዙ ወደ ራዲዮው ሲጠጋ ጥበቃ የሌለው ሽቦ ይረዝማል፤ ወደ ባትሪው ሲጠጋ ያጥራል። መጠኑም የራዲዮው መግለጫ ወረቀት ያዘዘው ይሁን፤ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ የሲጋራ ወረቀት ወይም ሚስማር የሚያስገባ ሰው ዘበኛውን አባሮ በሩን ክፍት የሚያድር ሰው ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ ይህች ፊውዝ እውነቱንም ትናገራለች። በካርቶኑ ላይ «4 ጊዜ 50 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት ራዲዮ ፊውዙ 10 አምፔር ቢሆን፣ 12 ቮልት ሲባዛ በ10 የሚያገኘው 120 ዋት ብቻ ነው። ያልተቀበለውን 200 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? የተጻፈው የአንድ አፍታ ጉልበት እንጂ የዘወትሩ አይደለም።

የሽቦዎቹ ቀለም

ሥራውን ሲጀምሩ ከአካሉ ጋር የታሰረውን የባትሪ ጫፍ መጀመሪያ ይፍቱ፤ ሲጨርሱም መጨረሻ ይሰሩት። ምክንያቱም ሌላውን ጫፍ ሲፈቱ የያዙት መፍቻ አካሉን ቢነካ እሳት ይረጫል።

የዛሬ ራዲዮ ከኋላው የሚወጡት ሽቦዎች ብዛት ያስደነግጣል፤ ግን ለብዙዎቹ ራዲዮዎች የተለመደ ሥርዓት አለ። ቢጫው ሰዓቱንና የጣቢያዎቹን ማስታወሻ እንዲይዝ ዘወትር ከባትሪው ጋር ይገናኛል። ቀዩ በሞተር ቁልፍ በኩል ያልፋል። ጥቁሩ ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ ከአካሉ ጋር ይታሰራል። ሰማያዊው አንቴና ለሚያወጣ ሞተር ነው፤ ከሌለዎት ጫፉን ሸፍነው ይተዉት። ነጩ ለፊት ግራ ስፒከር፣ ግራጫው ለፊት ቀኝ ነው። አረንጓዴውና ወይን ጠጁ የኋላ ስፒከሮች ናቸው፤ ፒክ አፕ የኋላ ስፒከር ከሌለው እያንዳንዱ ጫፍ ለየብቻው ተሸፍኖ ይቀመጥ። ከየቀለሙ ጥንድ ውስጥ ጥቁር መስመር ያለበት ኔጋቲቩ ነው። ከዚህ የተለየ የሚሠራ ፋብሪካ ስለሚኖር ግን ከራዲዮው ጋር የመጣውን ወረቀት ሳያነቡ አይጀምሩ። መኪናዎ ለብዙ ሳምንት ሳይነዳ የሚቆም ከሆነም ቢጫው ባትሪውን ቀስ በቀስ ስለሚጠባ፣ ማጥፊያ ቢያደርጉለት ይበጃል።

እዚህ ላይ የጥንቱን ልማድ የሚያውቅ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ቀድሞ ወደ ስፒከሩ አንድ ሽቦ ብቻ ይላክ ነበር፤ መመለሻው የመኪናው አካል ነበር። የዛሬው ራዲዮ ግን በሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ላይ ኃይል ስለሚልክ፣ ከሁለቱ አንዱ እንኳ አካሉን ቢነካ የራዲዮው ማጉያ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ሽቦ ከራዲዮው ተነሥቶ በቀጥታ ይሂድለት።

በሩን ከመብሳትዎ በፊት

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ በበር ሥራ ላይ ችኮላ የሚያስከትለው ጸጸት ብዙ ነው። የዚህ መኪና የውስጥ በር ላሜራ እንጂ ካርቶን አይደለም፤ ለስፒከር የተተወለት ቀዳዳም የለውም። እንግዲህ መጀመሪያ «መቁረጥ አለብኝን?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ከክሩስኮቱ በታች፣ በተሳፋሪው እግር አጠገብ በትንሽ ሣጥን የተቀመጠ ስፒከር በሩን ከመቆረጥ ያድነዋል። መኪናውን በጥንታዊ መልኩ ለማቆየት ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው ይህ ነው።

በሩን እቆርጣለሁ ካሉ ግን እንዲህ ያድርጉ። መስታወቱን እስከ ታች ያውርዱ፤ በላሜራውና በመስታወቱ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩ። ከዚያም የስፒከሩን ጥልቀት፣ እስከ ማግኔቱ ጀርባ ድረስ ይለኩ። ክፍተቱ ከጥልቀቱ ካልበለጠ ስፒከሩ አይገባም፤ ወይም በስፒከሩና በላሜራው መካከል ወፈር ያለ ቀለበት መደረብ አለበት። መስታወቱን የሚያወጣውና የሚያወርደው ክንድ ሲዞር የሚያልፍበትንም ቦታ ይመልከቱ። የስፒከሩን ልክ በካርቶን ቆርጠው በበሩ ላይ ለጥፈው መስታወቱን ደጋግመው ካዞሩ በኋላ ብቻ መቁረጫውን ያንሡ። የተቆረጠውን ጠርዝ ሞርደው የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀቡት።

በር ውስጥ ውኃ እንደሚገባም አይርሱ። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል ወደ በሩ ሆድ ወርዶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። እነዚያ ቀዳዳዎች በጭቃ እንዳይደፈኑ ይጥረጓቸው፤ ከስፒከሩም ጀርባ በላይ በኩል እንደ ጣራ የሚከድን ላስቲክ ያድርጉለት።

እነሆ፣ የጎማዋ ቀለበት ነገር የሚመጣው አሁን ነው። ሽቦው ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚሻገረው በማጠፊያው በኩል ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል፤ በቀን 10 ጊዜ ቢከፈት በዓመት 3650 ጊዜ ይሆናል። የተበሳው ላሜራ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለ ሆነ፣ ያለ ጎማ ቀለበት የገባ ሽቦ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይላጣል፤ ከዚያም የተላጠው ሽቦ አካሉን ሲነካ ከላይ የተናገርነው ጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ሽቦው በሚገባበትና በሚወጣበት ቀዳዳ ሁለቱም ላይ የጎማ ቀለበት ይግባ፤ በመካከሉም እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የጎማ ቱቦ ቢያለብሱት ይበልጥ ይጠቅማል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት የሚተያዩ አይሁኑ፤ አንደኛው ከሌላው ጥቂት ዝቅ ይበል። ያን ጊዜ ሽቦው በአንድ ቦታ ከመሰበር ይልቅ በርዝመቱ ይጠመዘዛል። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ለስላሳ ሽቦ ይምረጡ እንጂ ባለ አንድ ወፍራም ክር አይጠቀሙ። በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሽቦው እንዳይወጠር ተርፎ መቅረቱን ያረጋግጡ፤ ትርፉም ወደ ታች ይርገብ፤ ውኃው ሽቦውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ሳይገባ ከዚያ ላይ እንዲንጠባጠብ።

ድምፁ እንዲጠራ

ሁለቱ ስፒከሮች አብረው መግፋት፣ አብረውም መሳብ አለባቸው። የአንዱ ሽቦዎች ተገላብጠው ከታሰሩ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና የወፍራሙ ድምፅ ጉልበት ይጠፋል። በስፒከሩ ላይ ምልክት ከሌለ ከራዲዮው ጋር ሳይገናኝ በ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለአንድ አፍታ ብቻ ይንኩት፤ ክቡ ወረቀት ወደ ውጭ ከገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው።

ሞተሩ ሲነሣ ራዲዮው ቢንጫጫ አይደንግጡ። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ብዙውን ጊዜ ከዲናሞው ነው፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው ደግሞ ከካንዴላዎቹ ነው። ለፉጨቱ በዲናሞው ዋና መውጫ ላይ ኮንደንሰር ይታሰራል፤ «ፊልድ» በተባለው ጫፍ ላይ ግን ፈጽሞ አይታሰርም፤ የኃይል መቆጣጠሪያውን ያበላሻልና። ለካንዴላው ጫጫታ ተከላካይ ያለበት ካንዴላ ወይም ሽቦ ይገባል። የአንቴናውም እግር ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ በሚገባ ይታሰር።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። በአንድ ወረቀት ላይ የሽቦዎቹን መንገድ፣ ቀለማቸውን፣ የፊውዙን ቦታና መጠን ሥለው በክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ያኑሩት። ይህ መኪና እርስዎ ሳይወለዱ መንገድ ላይ የነበረ ነው፤ ከእርስዎም በኋላ ሌላ ሰው ይይዘው ይሆናል። ያ ሰው አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ ጨለማ ውስጥ ሲዳብስ ወረቀትዎን ቢያገኝ፣ የማያውቁት ሰው ያመሰግንዎታል። ራዲዮው ቢበላሽ ይለወጣል፤ ዘፈኑም በየጊዜው ይለወጣል። ሽቦው ግን በላሜራው ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ነውና፣ ማንም ባያየውም እንደሚታይ አድርገው ይሥሩት።